የልብስ ማስጫው ገመድ

ክሬን ላይ የሚሠራ ሰው ደፋር ይመስላል። አሰብ ወደብ ስሠራ የማያውቁኝ ሰዎች ከፍታውን ቀና ብለው እያዩ «አንተ ልብህ ምንድን ነው?» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ የወጣሁት ከታች መቆም ስለምፈራ ነው። ጭነት ሲበጠስ የሚወድቀው ከታች በቆመው ላይ ነው፤ ላይ የተቀመጠው ምንም አይሆንም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ሚስቴ ይህን ያወቀችው ካገባችኝ በኋላ ነው፤ እኔም ቀድሜ አልነገርኳትም።

የዘጠና ዓመተ ምሕረቱ ግንቦት ፍርሃት ግን የኔ ብቻ አልነበረም። ሬዲዮው ድንበር ላይ ተኩስ ተጀመረ አለ። ተኩሱ ከእኛ ሩቅ ነበር፤ በስተ ሰሜን፣ ስሙን እንኳ ሰምተነው በማናውቀው ቦታ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ቀሩ፤ ከተማ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ሰው እየጫኑ ወጡ። ወደቡ ዝም አለ። ያን ያህል ዓመት ስሠራበት ወደቡ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ክሬኔ ውስጥ ተቀምጬ የባሕሩን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም። ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ ነገ ይዘጋል ይባላል፣ ሲነጋ ክፍት ይሆናል፣ ደግሞ ነገ ይዘጋል ይባላል።

ሚስቴ አራስ ነበረች። ልጃችን ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀኗ ገና ስለነበረ ክርስትና አልተነሳችም። አስቀድመው ያነሷት እንደሆነ ብለን ቄሱን ብንፈልጋቸው እሳቸው ራሳቸው ከእኛ ቀድመው ሄደዋል። አንድ የማውቀው ሾፌር ጭነት ላይ ቦታ ሊሰጠን ፈቃደኛ ነበር። ሚስቴ ግን በዚያ በደንከል ፀሐይ ክፍት መኪና ላይ ልጇን ይዛ እንደማትወጣ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። «ልጄን አላስጠብስም» አለች። ቀጥላ ደግሞ «መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ ክርስትና ሳትነሳ…» አለች። የቀረውን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ልጅቷ ትተነፍስ እንደሆነ ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ እያደረግሁ አዳምጥ ጀመር። ሚስቴ «አንተ ሰው፣ ልጅቷን ቀሰቀስካት» ትለኛለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን እሷም ታዳምጣለች።

መኪና ነበረችን። አሮጊት፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ ከነበረ አንድ ቴክኒሻን ወደ አገሩ ሲመለስ የገዛኋት ናት። ጥላ አላት፣ መስኮት አላት፣ ሚስቴ ከኋላ ጋደም ብላ ልጅቷን ልትይዝበት የምትችል ወንበር አላት። ችግሯ ጭሷ ነው። ጠዋት ስትነሳ ሠፈሩን ሁሉ ሰማያዊ ታደርገዋለች። ዘይት ትጠጣለች። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎቿ በዘይት እየራሱ ድንገት ቀጥ ትላለች፤ ካንዴላ ተፈቶ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ነው የምትነሳው። ወደቡና ቤቴ መካከል እንዲህ ብትሆን ችግር የለውም፤ ሰው ይስቃል፣ ይገፋል። ድንበሩ ላይ ካለችው ከቡሬ በኋላ ባለው ሜዳ ላይ ብትቆም ግን የሚስቅም የሚገፋም የለም። እዚያ አንዲት ዛፍ ለማግኘት ስንት እንደሚኬድ ሾፌሮች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን ሜዳ ነበር፤ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ልጅቷ ስታለቅስ፣ ከዚያ ልቅሶዋ ሲቆም።

የቫልቭ ጎሚኒዎች፣ ማለትም በየቫልቩ አንገት ላይ እንደ ቆብ የሚደፉት ዘይት የሚያቆሙ ትንንሽ ጎማዎች፣ አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ አምጥቶልኝ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የተቀመጡትም በኔ ፍርሃት ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ጠይቄ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ መሆኑ ነው፣ ሳይወርድ አይቀየሩም ብለውኛል። ቴስታታው ከወረደ ደግሞ ከሥሩ የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን አዲስ መሆን አለበት፤ እሱ አሰብ ውስጥ የለም። ስለዚህ መሳቢያውን ዘግቼ በጭሱ ስኖር ያ ግንቦት መጣ።

የምንኖርበት ግቢ ሁለት ቤት ፊት ለፊት ነበረው። በአንደኛው እኛ፣ በሌላኛው ጋሼና እትዬ። ጋሼ ኤርትራዊ፣ የደቀምሓረ ሰው ናቸው፤ ወደቡ ወርክሾፕ ውስጥ በመካኒክነት ፀጉራቸው እስኪሸብት የሠሩ። አማርኛቸው ከኔ ይሻላል፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ ትግርኛ ይሻገራሉ። እትዬ ሚስቴ ስትወልድ ገንፎዋን ያገነፉላት፣ ልጅቷን መጀመሪያ ያጠቧት ናቸው። በሁለታችን በሮች መካከል አንድ የናይሎን ገመድ ተዘርግቶ የሁለቱም ቤት ልብስ እዚያ ላይ ይሰጣል፤ የኔ ሸሚዝና የጋሼ ቱታ ጎን ለጎን ሲወዛወዙ ነው የኖሩት። ከዚያ ሬዲዮ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አልተጣላንም። «እንዴት አደራችሁ» አጠረች እንጂ። እኛ ስለ መሄዳችን ፊታቸው ማውራት ፈራን፤ እነሱም ከእኛ ጋር ቆመው ሲያወሩ ሰው እንዳያያቸው ይፈራሉ መሰለኝ፣ የውጭው በር ሲከፈት ወደ ቤት ይገቡ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኮፈኑን ከፍቼ ዘይት ስለካ ጋሼ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ወደ ውጭው በር አንዴ ዞር ብለው አዩ።

«ጠዋት ስታስነሳት ነው የምታጨሰው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቁልቁለት ላይ እግርህን ከቤንዚን ስታነሳስ?»

«ያን ጊዜማ ከኋላዬ ያለ ሰው አይታየኝም።»

«እንግዲያው የፒስተን ፋሻዋ ደህና ነው። ጎሚኒዎቹ ናቸው ያለቁት። ዘይቱን ከላይ እያንጠባጠቡባት ነው።»

ጎሚኒው እንዳለኝ፣ ግን ቴስታታ ማውረድ ግድ ነው እንዳሉኝ ነገርኳቸው። ጋሼ በጥርሳቸው ፉጨት የሚመስል ድምፅ አሰሙ፤ ንቀት ሲሰማቸው የሚያደርጉት ነው።

«ምንም ግድ የለውም። ገመድ ነው የሚያስፈልገው» አሉ።

ነገሩን እዚያው ቆመው አስረዱኝ። ቫልቩን ተንጠልጥሎ እንዲቆም የሚያደርገው ላይ ያለው ሞላ ነው። ሞላው ከተነሳ ቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል፤ ሰዎች ቴስታታ የሚያወርዱት ለዚያ ነው። ሲሊንደሩን በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ገመድ ብታጎርሰው፣ ከዚያ ፒስተኑን በእጅህ እያዞርክ ወደ ላይ ብታመጣው፣ ገመዱ ተጨምቆ ቫልቩን ከሥር ይደግፈዋል፤ መውደቂያ የለውም። ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር አየርም ይሠራል አሉ፤ ግን መብራት ከጠፋ አየሩ ይሄዳል፣ ቫልቩም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን መብራት የሚጠፋው ሲፈልግ ነበር። ኮምፕረሰር ደግሞ ይጮሃል፤ ይህን ጋሼ አላሉትም፣ እኔ ነኝ ያሰብኩት።

«ነገ ማለዳ እሠራልሃለሁ። ግን ብቻዬን አልነካትም» አሉኝ። «አጠገቤ ትቆማለህ። የፈታሁትን ሁሉ እጅህ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ስመልስ ከእጅህ እቀበላለሁ።»

«ለምን ጋሼ? አምንዎታለሁ እኮ።»

«ዛሬ ታምነኛለህ። መንገድ ላይ ብትቆምብህ፣ ሚስትህና ልጅህ ፀሐይ ላይ ቢቀመጡ፣ ያን ጊዜ ልብህ ምን እንደሚልህ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። እዚህ ተቀምጬ እሱን ሳስብ መኖር አልፈልግም።»

በግቢው ውስጥ ያንን መንገድ የምፈራው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ገመድ የኔ ሙያ ነው። ከወደብ ያመጣሁት ጥሩ የቃጫ ገመድ ነበረኝ፤ ኩራት እየተሰማኝ አወጣሁት። እጄ ላይ ሳሽከረክረው ግን ጨውና ብናኝ ረገፈልኝ። አንዲት ክር ሲሊንደር ውስጥ ብትቀር ቫልቩ ሥር ትገባለች። ጨውማ አይነሳ። ናይሎን መሆን አለበት፣ የማይበጣጠስ፣ ከጣት የቀጠነ። ጋሼም እኔም አንድ ላይ ቀና ብለን ልብስ ማስጫውን አየነው። የልጃችን ጨርቆች ተሰጥተውበት ነበር። እትዬ ከበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና መጥተው ጨርቆቹን አንድ በአንድ አነሱ፣ አጥሩ ላይ አሰጡ፣ ቋጠሮውን ከኛ በር ፈቱ፣ ከዚያ ከእነሱ በር ፈቱ። ጠቅልለው ለጋሼ ሰጧቸው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጀመርን። አሰብ ውስጥ ብረት የሚነካው በማለዳ ነው፤ ከረፈደ ቁልፉ ራሱ እጅ ይልጣል። መኪናዋን ገፍተን ወደ ግድግዳው አስጠጋናት፣ የውጭውን በር በመወርወሪያው ዘጋን፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ እንዳይገባባት በሚመጣበት በኩል እርጥብ አንሶላ ወጠርን። ጋሼ ክዳኑን ሲያነሱት የሞተሩ ሆድ ዕቃ ወለል ብሎ ታየኝና ዓይኔን መለስኩ። የሰውም የመኪናም ሆድ ዕቃ ማየት አልወድም። ቫልቮቹን የሚረግጡትን ብረቶች ከነዘንጋቸው አንስተው ጨርቅ ላይ አጋደሟቸው። ዘይት የሚወርድባቸውን ቀዳዳዎች በሙሉ በጨርቅ ደፈኑ። እኔ የእንቁላል ካርቶን ይዤ ቆምኩ፤ የሚሰጡኝን ሁሉ በየጎድጓዳው በተራው አስቀምጣለሁ።

ከዚያ ገመዱን በመጀመሪያው ካንዴላ ቀዳዳ ያስገቡ ጀመር። ክንድ ክንድ እያለ ገባ። ጫፉ ተከትሎ እንዳይሰምጥ ውጭ ላይ ትልቅ ቋጠሮ ቋጠርኩለት፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ስቤ አየሁት፣ ጋሼ «በቃ እሺ» እስኪሉኝ ድረስ። ከፊት ባለው፣ ቺንጊያው በሚዞርበት የፑሌጃ ብሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብቼ ሞተሩን በቀስታ አዞርኩ። መጀመሪያ ይላላል፤ ከዚያ የሆነ ቦታ ሲደርስ ይከብዳል። ያንን ክብደት አውቀዋለሁ። ክሬን ላይ ገመዱ ጭነቱን ያዝ ሲያደርግ እጅ ላይ የሚሰማው ያው ነው። «ያዘ» አልኳቸው። ናይሎኑ መልሶ ስለሚገፋ ቁልፉን አጥብቄ መያዝ ነበረብኝ።

ጋሼ ራሳቸው በሠሩት ባለ ሁለት ጥርስ ማንሻ ሞላውን ተጫኑት። የቫልቩ አንገት ላይ ሞላውን ቆልፈው የያዙት ጥንድ ሽብልቆች ብቅ አሉ፤ ከሕፃን ጥርስ አይበልጡም። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በፈቱት ማግኔት ለቅመው መዳፌ ላይ አኖሯቸው። «አንዷ ብትወድቅ ከሞተሩ ሥር ዘይቱ ውስጥ ነው የምትገባው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስኪመለሱ ድረስ አልተነፈስኩም ማለት ይቀለኛል። ሞላው ተነሳ። ቫልቩ ያለ ምንም መያዣ ቆመ። አሮጌው ጎሚኒ ደርቆ ጣታቸው ላይ ተሰባበረ፤ አዲሱን በቧንቧ ቁራጭ ተጭነው አስገቡት። ሞላው ተመለሰ፣ ሽብልቆቹ በግራሶ ተለጥፈው ተመለሱ። ሁለተኛውን ሲሊንደርም እንዲሁ ጨረስን። ፍርሃቴ ቀለል አለልኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ማፏጨት ጀምሬ ነበር መሰለኝ። ስፈራ የምጠነቀቀውን ያህል ሳልፈራ አልጠነቀቅም።

ሦስተኛው ላይ የውጭው በር ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ አልነበረም፤ በጡጫ ነበር። ደነገጥኩ። ቁልፉ ከእጄ አመለጠና መሬት ላይ ጮኸ። ናይሎኑ ፒስተኑን መልሶ ገፋው፣ ገመዱ ረገበ፣ ያለ ሞላ የቆመው ቫልቭ ዓይናችን እያየ ወደ ታች ሰመጠ። ጋሼ ጫፉን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ያዙት። ከውጭ የቀረው ከጥፍር የማይበልጥ ነው፤ እሱም ዘይት የነካው።

«አትንቀሳቀስ» አሉኝ በሹክሹክታ።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። ጋሼ መልቀቅ አይችሉም፤ ከለቀቁ ቫልቩ ሊገባ ነው፣ ቫልቩ ከገባ ቴስታታው ሊወርድ ነው፣ ቴስታታው ከወረደ እኛ አሰብ ልንቀር ነው። ሰውነቴን ወደ መኪናዋ አስደግፌ በእግሬ ቁልፉን መሬት ላይ እፈልጋለሁ። ከቤት ውስጥ ልጃችን አለቀሰች። ሚስቴ አፏን ስትሸፍናት ይመስለኛል፣ ልቅሶው ታፈነ። የጋሼ ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ፊታቸውን እስከዚያ ቀን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ እኔን ራሴን በመስተዋት ያየሁ መሰለኝ። የሚሄድ ሰው መኪና ሲሠሩ ቢገኙ ምን እንደሚሆኑ እኔ አላውቅም ነበር። እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። ያለማወቁ ነው ያስፈራን።

እትዬ ከቤታቸው ወጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በእኛ በኩል ሲያልፉ ዞር ብለው አላዩንም። በሩን እሳቸው የሚያህል ብቻ ከፍተው በክፍተቱ ላይ ቆሙ።

«እንታይ ደሊኹም ደቀይ?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ምን ፈለጋችሁ ልጆቼ ማለታቸው ነው።

የወጣት ወንዶች ድምፅ ነው የመለሰላቸው። በየግቢው እየዞሩ ማን እንዳለና ማን እንደሄደ የሚጠይቁ ነበሩ። ገብተን እንይ አሉ። እትዬ አይሆንም አሏቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ጎረቤት እንደሚያስረዱ። ግቢው ውስጥ አራስ አለች አሉ። ከፀሐይ የመጣ፣ ላብ ያለበት ሰው አራስ ቤት አይገባም፤ ሕፃኗ ምች ይመታታል፤ እናታችሁ ይህን አላስተማረቻችሁም? አሉ። ከዚያ አንደኛው የማን አራስ እንደሆነች ጠየቀ።

«ጓለይ እያ» አሉ እትዬ። ልጄ ናት።

ቁልፉን በእግሬ ጣት አገኘሁት፤ ግን ጎንበስ ለማለት ፈራሁ። የበሩ ክፍተት ውስጥ የሚታየኝ የእትዬ ጀርባ ብቻ ነው። እጃቸው ከኋላ የነጠላቸውን ጥለት አጥብቆ ይዞ ነበር።

«እንቋዕ ማርያም መሓረታ» አለ ልጁ፤ እንኳን ማርያም ማረቻት ማለቱ ነው። ድምፁ ላይ እፍረት ነበረ። እግራቸው ራቀ። እትዬ በሩን ዘጉ፣ መወርወሪያውን መለሱ፣ እዚያው በሩን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አሁን አንሳው» አሉኝ ጋሼ። ጣቶቻቸው ነጭ ሆነዋል። «ቀስ በል። ጭነት እንደምታነሳ።»

ቁልፉን አንስቼ አስገባሁት። ፑሌጃውን አዞርኩ። ገመዱ ቫልቩን ከሥር እየገፋ አመጣው፤ ጫፉ ከጋሼ ጣቶች መካከል ጥቂት በጥቂት አድጎ ወጣ። ያዘ። ጋሼ ጣታቸውን አነሱና እጃቸውን አራገፉት። በአየር ብንሠራው ኖሮ እንዲህ አይመለስም ነበር አሉ፤ ገመዱ ከሥር ስለነበረ ነው ፈጽሞ ያልወደቀው። ከዚያ ወደ እትዬ ሄደው ከመሬት አነሷቸው። የተባባሉትን አልሰማሁም።

የቀረውን ስንጨርስ ብረቱ እጅ ማቃጠል ጀምሮ ነበር። ጋሼ የመጨረሻዋን ሽብልቅ ከመዳፌ ወስደው ካስገቡ በኋላ ካርቶኑን አንሳልኝ አሉ።

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው ጋሼ።»

«እያንዳንዱን ጎድጓዳ እይና ጮክ ብለህ በል።»

እያንዳንዱን አየሁ። ባዶ ነው አልኩ፣ ሚስቴና እትዬም እንዲሰሙ። ገመዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቼ መካከል አሳለፉልኝ፤ ጠቁሯል እንጂ አንዲት ክር አልጎደለችውም። ሁሉም ተገጥሞ መኪናዋ ስትነሳ ሰማያዊው ጭስ ቦግ ብሎ ወጣ። ሚስቴ በሩ ላይ ልጅቷን እንዳቀፈች «ያው ናት» አለች፣ ድምፅዋ ሞቶ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው ጠብቂ አሏት። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረ ዘይት ነበረ። ጭሱ ሳሳ፣ ነጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ጭሱ በሚወጣበት በማርሚታው ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ያዙበት፤ ጨርቁን ነጭ እንደሆነ እኔ እንዳየው ሰጡኝ።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ገመዱ ቦታው ተመልሶ ነበር። እትዬ በሳሙና አሽተው አጥበውት ግራጫ ሆኗል፤ አንደኛው ጫፍ እነሱ በር፣ ሌላኛው እኛ በር ላይ ታስሯል፣ ምንም ልብስ የለበትም። እትዬ ልጅቷን ግንባሯን ሳሟት፣ ሚስቴን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቋትም። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው የኔን ክንድ ያዙ።

«ስትደርሱ ደውልልኝ» አሉ። ቤታቸው ስልክ ነበራቸው። «ወሬ አልፈልግም፤ ስልክም የሚሰማው ብዙ ነው። ገባች በለኝ። እሱ ይበቃኛል።»

«እደውላለሁ ጋሼ።»

«ገባች በለኝ» አሉ ደግመው።

ከከተማው መውጫ ላይ አስቆሙን፣ አዩን፣ ልጅቷን አይተው አሳለፉን። ቡሬን አለፍን። እኔ ከፊት ካለው መንገድ ይልቅ የማየው የኋላ መስተዋቱን ነበር። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከቤንዚን አነሳሁ፤ ከኋላችን አቧራ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ያ በሕልሜ የማየው ሜዳ ሲመጣ፣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ድምፅ ጀመረ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብረት ብረትን የሚነካ ድምፅ። ሚስቴ ሰማችው። በመስተዋቱ ውስጥ ተያየን። ጋሼ ልብህ ምን እንደሚልህ አላውቅም ያሉት ነገር እዚያው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አቆምኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ካጠፋሁት አይነሳልኝም ብዬ ፈራሁ። ፊቴን ሙቀቱ መታው። ከክዳኑ ጎን የጋሼ ማግኔት ተለጥፎ ነበር። ረስተውት። በካርቶኔ ያላለፈች፣ ከመሣሪያ ሳጥናቸው የተለጠፈች አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላ በሞተሩ ንዝረት ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፁ የሷ ነው። ማግኔቱን በጨርቅ ይዤ አላቀቅሁት። ድምፁ ቆመ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ለሚስቴ አሳየኋት። ተቀበለችኝና፣ ትኩስ እንደሆነ፣ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከወጣን ጀምሮ መጀመሪያ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ደሴ የሚስቴ ቤተሰቦች ዘንድ ስንደርስ መኪናዋ አንዴም አልቆመችም ነበር። ልጅቷን አስገብተን እኔ ቀጥታ ወደ ቴሌ ሄድኩ። የአሰብ መስመር አይሠራም አሉኝ። በማግሥቱም ሄድኩ። ሠራተኛዋ መልኬን ለይታ ከሩቅ ራሷን ትነቀንቅልኝ ጀመር። ልጃችን ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ተነሳች፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም በዚያው አልፌ ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ ብቻ አልነበረም የተዘጋው፤ መንገዱ፣ ፖስታው፣ ሁሉም ተዘጋ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስልክ ተከፈተ ሲባል ልጄ ራሷ ትልቅ ሴት ሆና ቁጥሩን ደወለችልኝ። ቁጥሩ የለም። ከአሰብ የመጡ ሰዎችን ባገኘሁ ቁጥር ጋሼን እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። መኪናዋን ከሸጥኳት ቆይቷል። ማግኔቱ እኔ ዘንድ ነው።

ዕድሜ ብዙ ፍርሃት አስጥሎኛል፤ ሜዳውን አሁን በሕልሜ አላየውም። የማየው ጋሼን ነው። ስልካቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልኩ አይጮህም። መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማለች ብለው ያስባሉ፤ ከዚያም እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ልጄ ፀሐይ ላይ ሆና፣ ስለ እሳቸው ልቤ ምን እንዳለኝ ያስባሉ። የፈሩት እሱን ብቻ ነበር፤ ለዚያ ብለው ነው እያንዳንዷን ሽብልቅ እጄ ላይ ያኖሩት። አንድ ቃል ነበር የጠየቁኝ፤ ገባች እንድላቸው። ገብታለች።